አስቸኳይ፦ ለሁሉም ሥራ የሚሆን አንድ የሞተር መጋዝ የቱ ነው?

ባለአጥሩ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ቶሎ የሚመልስልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ሌሊት ነፋሱ ትልቁን ባህር ዛፍ ጥሎት ግማሹ አጥሩ ላይ፣ ግማሹ መንገዱ ላይ ተጋድሟል። ከጎረቤት የተዋስኩት የቻይና መጋዝ (ላዩ ላይ 58 ይላል) ትንሽ ይቆርጥና ቀጥ ይላል። ሲያርፍ ይነሳል፣ ደግሞ ይጠፋል። ጫኙ መኪና ነገ ጠዋት ይመጣል። የሰው ደጅ ከምጠና የራሴን ልግዛ ብያለሁ። አንድ ብቻ! ዛፍ የሚጥል፣ ቅርንጫፍ የሚመለምል፣ ፍልጥ የሚያዘጋጅ፣ ጣውላም የሚሰነጥቅ። ስሙን ብቻ ንገሩኝ።

ቀልደኛው፦
ስሙን ብቻ? እሺ፣ መጥረቢያ። ቤንዚን አይጠጣም፣ ሞቀኝ ብሎም አይጠፋም።

ሞረድ፦
ልጄ፣ የዛፉን ውፍረት ሳትነግረን ስም አትጠይቅ። የት እንደምትቆርጥም አልነገርከንም። ሰው መጋዝ ሲገዛ በሕይወቱ አንዴ የሚያጋጥመውን ግንድ አስቦ ትልቁን ይገዛል፣ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ አጠና ለመቁረጥ ያንን ብረት ተሸክሞ ይውላል። ሁስክቫርና 372ን አንሳው እስቲ፤ የሞተሩ መጠን 70.7 ሲሲ ነው፣ ያለ ባሩ (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት) እና ያለ ሰንሰለቱ ብቻውን ከ6 ኪሎ ያልፋል። ቤንዚንና ዘይት ሞልተህ ቅርንጫፍ ስትመለምል ዋል፣ ማታ ክንድህ ይነግርሃል። ትንሹ ስቲል ኤም ኤስ 180 ደግሞ 31.8 ሲሲ ነው፤ ለቅርንጫፍ አንደኛ፣ ለወፍራም ግንድ ግን ልቡ አይችልም። አንድ ብቻ ካልክ ከ45 እስከ 55 ሲሲ ያለውን፣ ባሩ 45 ሳንቲም የሆነውን ያዝ። በሁለቱም በኩል እየገባህ ከባሩ ርዝመት በጣም የወፈረ ግንድ መቁረጥ ትችላለህ። ጣውላውን ግን እርሳው።

ሲያትል ያለችው፦
እኔና ባለቤቴ እዚህ ግቢያችንን የምናጸዳው በባትሪ መጋዝ ነው። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ጭስ የለውም፣ ቁልፉን መጫን ብቻ። ለምን ባትሪ አትሞክርም?

ቀልደኛው፦
እህቴ፣ መብራት ኃይልን አስፈቅደሽልናል?

ሲያትል ያለችው፦
😂 እውነትህን ነው። ግን ለቅርንጫፍ ምርጥ ነው፣ አልዋሽህም።

ካንዴላ፦
ካንዴላውን ቀይር። የኔም እንዲህ ሆኖ ካንዴላ ነበር።

የአገር ዛፍ፦
መጋዙን ከመምረጥ በፊት ዛፉን ማወቅ ይቀድማል። ባህር ዛፍ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1880ዎቹ መጨረሻ በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው የገባው፤ የአዲስ አበባ ማገዶ አልቆ ከተማዋ ልትነሳ ስትል ያዳናት እሱ ነው ይባላል። እርጥቡ ለመጋዝ ቅቤ ነው፣ ሲደርቅ ግን ብረት ይሆናል። ስለዚህ የወደቀውን ሳይደርቅ ቆራርጠህ ጨርስ። ሌላ ጊዜ ቆሞ ያለውን ስትጥል ጉቶውን ወደ መሬት ጠጋ አድርገህ፣ ውሃ እንዳይተኛበት ሰያፍ አድርገህ ቁረጠው፤ ቅርፊቱ ሳይቀደድ ከቀረ ጥሩ አድርጎ ያቆጠቁጣል። አጠና የምትቆርጠው ከዚያ ነው። እና ደግሞ ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባ፣ ጥድ እንዳትነካ፣ መጀመሪያ ወረዳውን ጠይቅ…

ባለአጥሩ፦
ወገን፣ ታሪኩን ማታ አነበዋለሁ። ዛፉ መንገድ ዘግቷል እኮ!

ቀጥታው፦
አትግዛ። ገበያ ላይ መጋዝ ይዘው የሚዞሩ ቆራጮች አሉ፣ በዛፍ ተስማማ፣ ግማሽ ቀን ይጨርሱልሃል። በዓመት ሁለቴ ለምትነካው ነገር ገንዘብ ማሰር ምን ይባላል?

ባለአጥሩ፦
የምነካው በዓመት ሁለቴ ነው ያለህ ማነው? ደብረ ብርሃን ወደ 200 እግር ባህር ዛፍ አለኝ፣ ሸዋ ሮቢትም የአባቴ ማሳ ላይ የሚመለመል ማንጎና ግራር አለ። የወደቀው ዛፍ ከግርጌው 60 ሳንቲም ይሆናል። ጣውላውን ለጓዳ ጣሪያ ነው የፈለግኩት።

ቀጥታው፦
ይኼን መጀመሪያ አትናገርም ነበር?

ጠጋኙ፦
ወንድሜ፣ ስለ መግዛቱ ሌሎቹ ይንገሩህ፣ እኔ የያዝከውን ልንገርህ። ሠርቶ ሠርቶ የሚጠፋ፣ አርፎ የሚነሳ ከሆነ፣ እንደጠፋ የቤንዚን ሰልባትዮውን ክዳን ቀስ ብለህ ክፈት። «ፍስስ» ብሎ አየር ከሳበና ወዲያው ከተነሳ መተንፈሻው ተደፍኗል ማለት ነው። ቤንዚን በወጣ ቁጥር አየር መግባት አለበት፣ ካልገባ ሰልባትዮው ውስጥ ክፍተት ይፈጠርና ካርቡሬተሩ ቤንዚን ያጣል። መተንፈሻውን አጽዳ። ለዛሬ ደግሞ በየጥቂት ደቂቃው መጋዙን አጥፍተህ፣ አቀዝቅዘህ፣ ክዳኑን ከፍተህ ዝጋው። እሱ ካልሆነ ሰልባትዮው ውስጥ በቱቦው ጫፍ ያለውን ትንሽ ፊልትሮ በሽቦ ጎትተህ አውጣውና እየው፣ ጠቁሮ ከደረቀ ቀይረው። ያም ካልሆነ የአየር ፊልትሮውን።

ካንዴላ፦
ካንዴላ ነው ብያለሁ።

ጠጋኙ፦
ካንዴላ ከሆነ ክዳን ስለተከፈተ ብቻ ወዲያው አይነሳም። መጀመሪያ ክዳኑን ይሞክር።

ሞረድ፦
ልጄ፣ ደብረ ብርሃንና ሸዋ ሮቢት ካልክ አንድ ነገር ጨምር። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ማንኛውም ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን እዚያው ያጣል። 45 ሲሲ ብዬህ የነበረውን ተወው፣ 50 እና ከዚያ በላይ ይሁን። የቻይናው ላይ የተጻፈውን 58 ሲሲ ደግሞ አትመነው፣ ብዙዎቹ ሲለኩ ያንሳሉ። ሁለተኛው ነገር፣ መካኒክ ደብረ ብርሃን ላይ ካርቡሬተሩን በካቻቢቴ አስተካክሎ ቤንዚኑን ይቀንስልሃል። ያንኑ መጋዝ ጣርማ በርን አውርደህ ሸዋ ሮቢት ብትነሳው፣ እዚያ አየሩ ወፍራም ነው፣ ሙቀቱም አለ፣ ቤንዚኑ ያንሰዋል፣ ፒስተኑ ይጣበቃል። ብዙ ሰው «የቻይና ነው፣ ተቃጠለ» የሚለው ይኼን ነው። ወይ ሲወርድ እንደገና ይስተካከል፣ ወይ ራሱን የሚያስተካክል ካርቡሬተር ያለውን ግዛ። ስቲል ኤም ኤስ 261 ኤም-ትሮኒክ የሚባል አለው፣ ሁስክቫርና አውቶቱን ይለዋል። ዋጋው ይከብዳል፣ ሁለት አገር ለሚሠራ ሰው ግን ይገባዋል።

ባለአጥሩ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጣውላውንስ ለምን እርሳው አሉኝ?

ሞረድ፦
ግንድን በርዝመቱ መሰንጠቅ ሌላ ሥራ ነው። ሞተሩ ያለ እረፍት ሙሉ ጋዝ ይጮኻል፣ ሰንሰለቱም በ30 ዲግሪ ሳይሆን በ10 ዲግሪ ገደማ የተሞረደ መሆን አለበት። ከ70 ሲሲ በታች ያለውን በዚያ ሥራ ትገድለዋለህ። ግንዱን በልኩ ቆርጠህ መሰንጠቂያ ቤት ውሰደው፣ ቀጥ ያለ ጣውላ ይወጣልሃል። በእጅ የተሰነጠቀው ጣሪያ ላይ ሲወጣ ጎባጣ ነው።

የአገር ዛፍ፦
ባህር ዛፍ ጣውላ ሲደርቅ ይጣመማል ደግሞ። ተደርድሮ በጥላ ካልደረቀ…

ቀልደኛው፦
ጋሼ፣ እርስዎ ዛፉን ወደ አውስትራሊያ መልሰው ቢልኩት ይሻላል።

ቆራጭ ነኝ፦
ይኼን ሥራ ነው የምሠራው፣ ሁለት ነገር ልበል። የወደቀ ዛፍ ከቆመው ይከፋል። ሥሩ ተነቅሎ ቆሞ ከሆነ፣ ግንዱን ስትቆርጥለት ያ ሁሉ አፈር ከነጉቶው ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል፤ ልጆች እዚያ እንዳይቆሙ። የተወጠረ ቅርንጫፍም ሲቆረጥ ይመታል፣ ከተጎበጠበት በኩል ቁም እንጂ ከሚዘረጋበት በኩል አትቁም። የባሩን ጫፍ የላይኛውን በኩል ግንድ አታስነካ፣ መጋዙ ወደ ፊትህ የሚዘለው ከዚያ ነው። አጥር ላይ ያለ ዛፍ ደግሞ ሆዱ ውስጥ ምስማርና ሽቦ አይጠፋም። ቅርፊቱ ሸፍኖት የበቀለበትን ቦታ ጥቁር ሆኖ ታየዋለህ፣ እዚያ አትቁረጥ፤ ሰንሰለቱን በአንድ ደቂቃ ነው የሚበላው። እና እባክህ ለሰንሰለቱ የተቃጠለ ዘይት አታድርግ።

ቀጥታው፦
ሁሉም የተቃጠለ ዘይት ነው የሚያደርገው።

ቆራጭ ነኝ፦
ሁሉም ነው የዘይት ፓምፑን የሚቀይረው።

ጠጋኙ፦
ቤንዚኑንም ተጠንቀቁ። የኩባንያው መመሪያ 50 ለ1 ካለ በሊትር 20 ሚሊ 2ቲ ዘይት ነው፣ የቻይናው 25 ለ1 ካለ 40 ሚሊ። በዓይን የሚቀላቅል ሰው ሞተር ነው የሚቀላቅለው።

መርካቶ ዕቃ፦
ሁሉም ዓይነት አለን፣ ኦርጂናል፣ በውስጥ መስመር አናግሩን።

ቀልደኛው፦
«ሁሉም ዓይነት ኦርጂናል» ❤️

ቀጥታው፦
ባለአጥሩ፣ ተነሳ ወይ መጋዙ?

ካንዴላ፦
ካንዴላ ቀይሮ እየቆረጠ ነው፣ አትረብሸው።

የፍቼዋ፦
እኔም ልጠይቅ፣ የባለቤቴ መጋዝ ሲቆርጥ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ቀጥ አይልም። ባሩ ነው የተጣመመው ይለኛል። የሚወጣውም ፍቅፋቂ ሳይሆን ዱቄት ሆኗል።

ሞረድ፦
ባሩ ሳይሆን ሰንሰለቱ ነው ልጄ። ዱቄት ከወጣ ጥርሱ ደንዝዟል፣ ወደ አንድ ጎን ከሄደ ደግሞ የአንዱ ጎን ጥርሶች ከሌላው አጥረዋል። ሰው በቀኝ እጁ ሲሞርድ አንዱን ጎን ይበልጥ ይገፋል። ሰንሰለቱ ላይ .325 የሚል ካለ 4.8 ሚሊ ክብ ሞረድ፣ 3/8 ካለ 5.2 ሚሊ፣ ትንሽ መጋዝ ላይ ያለው ቀጭኑ 3/8 ከሆነ 4 ሚሊ ይግዛ። በጣም ያጠረውን ጥርስ ይፈልግና ሌሎቹን ሁሉ በእሱ ልክ ያውርዳቸው፣ ከፊታቸው ያለውን አጭሩን ጥርስም በዚያው ልክ ትንሽ ይንካው።

የፍቼዋ፦
ይኼን አሳየዋለሁ። ባሩን ግን ሊያስቀና ይዞት ሄዷል 🙈