ርቀቱ አንድ ሆኖ የመሄጃና የመመለሻው ሰዓት ለምን ተለያየ?

ሽምብጥ፦
ጤና ይስጥልኝ። እናቴ በመጪው ሐምሌ ከባሕር ዳር ተነሥተው፣ በአዲስ አበባ በኩል ዋሽንግተን ወደምትኖረው እኅቴ ይሄዳሉ። ትኬታቸው ላይ ከቦሌ 22:15 ተነሥተው በማግሥቱ 08:00 እንደሚደርሱ፣ ሲመለሱ ደግሞ ከዋሽንግተን 11:00 ተነሥተው በማግሥቱ 07:00 ቦሌ እንደሚገቡ ተጽፏል። መሄጃው ከ10 ሰዓት ያነሰ፣ መመለሻው ግን 20 ሰዓት የሆነው እንዴት ነው? የባሕር ዳሩን ትኬት ገና አልቆረጥንም፤ በዚያው ዕለት ቢሄዱ ያሰጋል?

ዘጌ፦
ርቀቱ በሁለቱም በኩል 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትኬት ላይ የሚጻፈው ግን የየከተማው ሰዓት ነው። ሐምሌ ላይ ዋሽንግተን ከእኛ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቀር፣ በመሄጃው ላይ 7 ደምረው ከመመለሻው 7 ቢቀንሱ 16 ሰዓት ከ45 ደቂቃና 13 ሰዓት ያገኛሉ፤ ስለዚህ ረጅሙ እንዲያውም መሄጃው ነው። 22:15 በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4:15 መሆኑንም ልብ ይበሉ፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከምሽቱ 10 ሰዓት ሲባል የእኛ 10 ሰዓት የሚመስለው ብዙ ነው።

ጢስ ዓባይ፦
ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኝ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ የሞተሩም የክንፉም ጉልበት ስለሚቀንስ፣ አውሮፕላኑ ሙሉ መንገደኛና እስከ ዋሽንግተን የሚያደርስ ነዳጅ ይዞ ከማኮብኮቢያው መነሣት ይከብደዋል። በዚህ ምክንያት ነዳጅ ቀንሶ ይነሣና መንገድ ላይ አርፎ ይሞላል፤ ለዓመታት በአየርላንዷ ደብሊን ሲያርፍ ቆይቷል። በዚህ ጊዜ መንገደኛው አብዛኛውን ጊዜ ከመቀመጫው ሳይወርድ ስለሚጠብቅ፣ እናትዎ የደረሱ መስሏቸው ሻንጣቸውን እንዳያወርዱ አስቀድመው ይንገሯቸው። የዋሽንግተኑ ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ግን ከባሕር ጠለል 100 ሜትር እንኳ ከፍ አይልም፤ ስለሆነም አውሮፕላኑ ነዳጁን ሞልቶ በቀጥታ ይመጣል፤ በአትላንቲክ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ብርቱ የከፍታ ነፋስም ሲመጣ ከኋላ ይገፋዋል፣ ሲሄድ ደግሞ ፊት ለፊት ይገጥመዋል።

ሽምብጥ፦
ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የባሕር ዳሩስ?

ዘጌ፦
በዓባይ በረሃ ዞሮ ከ550 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው መንገድ በአየር 330 ገደማ ሲሆን፣ በረራው ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። በዚያው ዕለት መሄድ ይቻላል፤ ሆኖም ሐምሌ የዝናብና የደመና ወር ስለሆነ የመጨረሻውን በረራ ከሚጠብቁ ከቀትር በፊት ያለውን ቢይዙ ይሻላል። ከተቻለ አየር መንገዱ ቢሮ ሄደው ሁለቱ በረራዎች በአንድ ትኬት እንዲያያዙ ይጠይቁ። ከተያያዙ፣ የባሕር ዳሩ ቢዘገይ አየር መንገዱ በሌላ በረራ ያሳፍራቸዋል፤ ለየብቻ ከተቆረጡ ግን ያመለጠው በረራ ኪሳራ የእናንተው ሊሆን ይችላል።