በቅናሽ የሚገኙ የፍቅር ልብ ወለዶች፦ በየዓይነቱ የትኞቹን ትመክራላችሁ?

የኮዬ ፈጬ አንባቢ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ወደ መሀል ከተማ ለሥራ ስመላለስ አውቶቡስ ውስጥ የማሳልፈውን ረጅም ሰዓት የምገፋው በንባብ ነው። ቤታችን ውስጥ ሦስት የፍቅር ልብ ወለድ ወዳጆች ብንኖርም ምርጫችን ለየቅል ነው፦ እናቴ የባላባት ዘመን ታሪክ ያለበትን፣ ታናሽ እኅቴ የተማሪዎችን ፍቅር፣ እኔ ደግሞ ፍቅሩ ከፖለቲካና ከጦርነት ጋር የተጠላለፈበትን እንወዳለን። ሻጮች ሁሉንም «ልብ ወለድ» ብለው አንድ ላይ ስለሚደረድሩት ሽፋኑን አይቶ ዓይነቱን መለየት አስቸግሮኛል። ባለፈው ወር በርካሽ የገዛሁት መጽሐፍ ደግሞ መጨረሻው ላይ ገጾች ጎድለውት ስለ ነበር የፍቅረኞቹን ዕጣ ሳላውቅ ቀርቻለሁ፤ እስከ አሁን ያንገበግበኛል። ለሦስታችን የመደብኩት 1,000 ብር ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ከለገጣፎ

እኅቴ፣ ለእናትዎ ሳያመነቱ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ይግዙላቸው። የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ሰብለ ወንጌልና አስተማሪዋ በዛብህ የሚዋደዱት የዘር ሐረግ ከልብ ፈቃድ በሚበልጥበት የጎጃም ባላባቶች ዓለም ውስጥ ስለሆነ፣ ታሪኩንም ፍቅሩንም አንድ ላይ ያገኙታል። መጽሐፉ ወፍራም በመሆኑ አዲሱ ውድ ቢሆንም፣ ብዙ ጊዜ ስለታተመ ያገለገለውን ማግኘት አያዳግትም። ዓይናቸው የሚደክም ከሆነም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረኩት አለ፤ እኔ በበኩሌ ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ የሆነውን ጉዱ ካሳን ያወቅኩት በእርሳቸው ድምፅ ነው።

ከገንዘቡ ከተረፈ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተሙትን፣ ብዙዎች «ጦቢያ» የሚሉትን ልብ ወለድም ይጨምሩበት። ጦቢያ እንደ ወንድ ለብሳ የምትጓዝበት፣ ፍቅርም ያለበት ትንሽ መጽሐፍ ነው።

ያገለገሉ መጻሕፍት ሻጭ፣ ከአየር ጤና

ለእኅትዎ የሲሳይ ንጉሡ «ሰመመን» ይሆናታል፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፍቅር ሲነሣ ደንበኞቼ መጀመሪያ የሚጠሩት እርሱን ነው። ለእርስዎ ግን የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ስለተሰበሰበ ለዓመታት በድብቅ ሲነበብ የኖረ መጽሐፍ ነው፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ከቤታቸው እንደወጡ ቀርተዋል። ዛሬ በነጻነት ይሸጣል፤ ሆኖም ደብዛዛ የፎቶኮፒ ቅጂም ስለሚያጋጥም፣ ቀለሙ የገረጣና ኅዳጉ የተቆረጠ ከሆነ በርካሽም ቢሆን አይግዙ።

የገጹን ጉዳይ በተመለከተ፣ ማተሚያ ቤት ትልቁን ወረቀት አጥፎ ብዙውን ጊዜ 16 ገጽ በ16 ገጽ እየሰበሰበ ስለሚጠርዝ፣ የጥራዝ ስሕተት ሲኖር የሚጎድለው አንድ ገጽ ሳይሆን አንድ ሙሉ እጥፍ ነው። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት የገጽ ቁጥሮቹን በየመካከሉ ይመልከቱ፤ የመጨረሻው ገጽም ዐረፍተ ነገሩን ጨርሶ መዝጋቱን ያረጋግጡ። ጨዋ ሻጭ በዚህ አይቀየምም። አራቱንም ከአንድ ሰው ከገዙ ደግሞ ዋጋውን በጥቅል ይደራደሩ፤ እኛም ለብቻ ከምንሸጠው ቀንሰን እንሰጣለን።

ከሱሉልታ

በ«ኦሮማይ» ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ደርግ በኤርትራ ያካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ታሪክ ብቻ ፈልጎ ያነበዋል፤ እኔ ግን ልቤን የሰበረው ጋዜጠኛው ጸጋዬ አዲስ አበባ በተወው ቃል ኪዳንና አሥመራ ባገኛት በፊያሜታ መካከል መንገላታቱ ነው። በአውቶቡስ ውስጥ እንዲያነቡት ግን አልመክርም፤ የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች ቤትዎ ተቀምጠው ያንብቧቸው።

የኮዬ ፈጬ አንባቢ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ወደ አየር ጤና እወርዳለሁ። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ የእናቴን አስቀድሜ፣ የራሴን ለሚቀጥለው ደመወዝ አቆየዋለሁ።