የግቢው ስም ባንክ ላይ ይጥላል?

ጥያቄ (ተመራቂ 2018)
ከአራተኛ ትውልድ (በቅርብ ከተከፈቱት አንዱ) ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ 3.2 ይዞ የሚመረቅ ልጅ ባንክ ሲያመለክት የግቢው ስም ብቻ ከወረፋ ያስወጣዋል? ወይስ ዲግሪ ዲግሪ ነው?

ቅጥር ክፍል
ወንድሜ፣ በ0 ዓመት (የሥራ ልምድ በማይጠይቅ) ማስታወቂያ ላይ መጀመሪያ የሚያጣራው ስም አይደለም። አመልካቹ በሺህ ሲቆጠር የሚለየው በትምህርት ክፍል፣ በምርቃት ዓመትና በጂፒኤ ነው። መቁረጫው 3.00 ከሆነ፣ ከስድስት ኪሎ (ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ) 2.9 ይዞ የመጣው ይወድቃል፣ 3.2ህ ያልፋል።

ስሙ ጉዳት የሚያመጣው ቀጥሎ ነው። «አዲስ ግቢ ግሬድ እንደ ልብ ይሰጣል» የሚል ጥርጣሬ አለ፤ ፍትሐዊ ነው አልልም፣ ግን አለ። መልሱ የመውጫ ፈተናው ነው። ከ2015 ጀምሮ ማለፊያው 50 ሲሆን፣ ግቢው የትም ይሁን በአንድ ትምህርት ክፍል ያሉ ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው የሚፈተኑት። 75 ካመጣህ ሲቪው ላይ ከጂፒኤው አጠገብ ጻፈው፣ ውጤቱንም አትመህ ያዝ።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ግን በፊደል ነው፦ ስሙ በእንግሊዝኛ ቴምፖው (ጊዜያዊ ዲግሪው) ላይ በአንድ ኤም፣ መታወቂያው ላይ በሁለት ኤም ይጻፋል። ሳትመረቅ ሬጅስትራር ሄደህ አስተካክል፤ ከምርቃት በኋላ መከራ ነው።

ሰንጋተራ
እውነት ነው፣ ግን ርቀትን ረሳኸው። አዲስ አበባ መሃል የሚማር ልጅ የባንኮች ዋና መሥሪያ ቤት ቅርቡ ነው፤ ኢንተርንሺፑንም እዚያው ይሠራል፣ አለቆቹም ፊቱን ያውቁታል። ክፍለ ሀገር ያለው ለጽሑፍ ፈተና በሁለት ቀን ውስጥ ድረስ የሚል መልእክት ይመጣለትና ያመልጠዋል። የትራንስፖርት ገንዘብና ማረፊያ ዘመድ ቀድሞ ማዘጋጀት ነው።

ከባሕር ማዶ
ስም በሕግ የሚቆጠርበትም ቦታ አለ። የእንግሊዝ የ«ሃይ ፖቴንሻል» ቪዛ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲጀመር፣ ሥራ ሳይያዝ የሚያስገባው በዝርዝሩ ካሉ ዩኒቨርሲቲዎች ለተመረቀ ነበር፤ ከአፍሪካ አንድም አልነበረበትም። ማስተርስህን ዝርዝሩ ውስጥ ካለ ዩኒቨርሲቲ ከያዝክ ግን የመጀመሪያ ዲግሪህን ግቢ የሚጠይቅህ የለም። ሁለት ነገር ልብ በል፦ ዲግሪው ባለፉት 5 ዓመታት የተሰጠ መሆን አለበት፣ የሚታየውም የዘንድሮ ሳይሆን የተመረቅክበት ጊዜ ዝርዝር ነው።

ለውጭ ማመልከቻ ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን ሬጅስትራር ራሱ ነው የሚልከው። ኮስት ሼሪንግ (የትምህርት ወጪ መጋራቱ) ካልተከፈለ ደግሞ ከስድስት ኪሎም ቢሆን አይወጣም።

ተመራቂ 2018
ኤሟን ነገ ጠዋት።