አስቸኳይ፦ የወፍጮ ዲናሞ ይጮሃል እንጂ አይዞርም (ፓተንት ያለው ኃይል ቆጣቢ ተገጥሞለታል)

የወፍጮው ልጅ፣ ዓርብ ማታ 1፡20
ሰላም ወገኖች፣ ቶሎ ድረሱልኝ። የእናቴ ወፍጮ ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ አልነሳ ብሏል። ቁልፉን ስጫን ዲናሞው ኡኡኡ ብሎ ይጮሃል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ግን አይዞርም። ነገ ቅዳሜ ገበያ ነው። ከ20 በላይ ጆንያ ተደርድሯል፣ የለቅሶ ቤት እህልም አለበት። በቴስተር ፈትሼዋለሁ፣ ሦስቱም ፌዝ (ኃይል የሚመጣበት ገመድ) ይበራል። ስለዚህ መስመሩ ደህና ነው። ዲናሞው ተቃጥሏል ማለት ነው አይደል? ማስጠምጠም ስንት ይፈጃል?

ማሙሽ ፓምፕ፣ 1፡26
ካፓሲተሩ ነው። የእኔም የውሃ ፓምፕ እንዲሁ እየጮኸ አልዞር ብሎ ነበር። በአዲስ ቀየርኩት፣ ወዲያው ተነሳ።

ጉርሻ፣ 1፡28
ዓርብ አይደል? ጾም ይዞ ይሆናል። እስከ ነገ ታገሱት።

ዋይንደሩ፣ 1፡31
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቁልፉን መጫን አቁም። እየጮኸ የቆመ ዲናሞ በደህናው ጊዜ ከሚስበው ኩረንት ብዙ እጥፍ ይስባል። እስካሁን ያልተቃጠለውን አንተ እንዳታቃጥለው። አሁን ሦስት ነገር ንገረን። ታርጋው ላይ ምን ተጽፏል? ስንት ገመድ ይገባበታል? ቴስተሩንስ የት ላይ ነው የነካኸው፣ ብሬከሩ ጋ ወይስ ዲናሞው ጋ?

የወፍጮው ልጅ፣ 1፡44
ታርጋው 7.5 ኪሎዋት፣ 380 ቮልት፣ 15.5 አምፔር፣ 1450 ዙር ይላል። ሦስት ገመድና አንድ የመሬት ገመድ ይገባበታል። ቴስተሩን የነካሁት ዲናሞው ላይ ገመዱ የሚታሰርበት ቦታ፣ እየጮኸ እያለ ነው። ትንሽ የሙጫ ሽታ አለ።
ርዕሱ ላይ ጽፌ ያላብራራሁት አንድ ነገር አለ። ከሁለት ወር በፊት ኃይል ቆጣቢ የሚባል ሳጥን አስገጥመናል። ከኮንታክተሩ (ቁልፉ ሲጫን ኃይሉን ከሚያገናኘው ማብሪያ) ወጥቶ በሳጥኑ አልፎ ነው ወደ ዲናሞው የሚሄደው። ግን እሱ ላይ ችግር አይኖርም፣ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ያለው ዕቃ ነው። ግንባሩ ላይ የአሜሪካ ፓተንት 4,052,648 ተብሎ ተጽፏል። የሸጠልን ሰው የናሳ ፈጠራ ነው ብሎ ወረቀቱን አሳይቶናል።

ማሙሽ ፓምፕ፣ 1፡47
ካፓሲተር ቀይር ስልህ! ርካሽ ነው።

ዋይንደሩ፣ 1፡49
ማሙሽ፣ ያንተ ፓምፕ ባለ አንድ ፌዝ ነው። ለማስነሻ ካፓሲተር ያስፈልገዋል። ይሄኛው ባለ ሦስት ፌዝ ነው፣ የማስነሻ ካፓሲተር የለውም። ልጁ ሲፈልግ እንዳያድር።

መምህር ጌ፣ 1፡58
ልጄ፣ ለምን እንደሚጮህ ከገባህ ለመፈለግ ይቀልሃል። የዚህ ዲናሞ ዋናው ሐሳብ የሚዞር መግነጢስ ነው። ሦስቱ ፌዞች እኩል አይደርሱም፣ ተራ በተራ ይመጣሉ። ሦስት ልጆች በተራ እየገፉ ጎማ እንደሚያዞሩ አስበው። ኒኮላ ቴስላ ይህን በተለያየ ጊዜ በሚመጣ ኩረንት የሚዞር ሞተር እ.ኤ.አ. በ1887 አመልክቶ ግንቦት 1 ቀን 1888 በአሜሪካ ፓተንት አወጣበት፣ ቁጥሩ 381,968 ነው። በዚያው ዓመት የአሜሪካው ኩባንያ ዌስቲንግሃውስ መብቱን ገዛው። ጣሊያናዊው ጋሊሊዮ ፌራሪስ ከቴስላ ፓተንት አንድ ወር ተኩል ገደማ ቀድሞ፣ መጋቢት ላይ፣ ተመሳሳዩን ሐሳብ ለቱሪን የሳይንስ አካዳሚ አቅርቦ ነበር። እሱ ግን ፓተንት አላወጣም። እናንተ ቤት ላለው ባለ ሦስት ፌዝ ዲናሞ የቅርብ ዘመዱ ዶሊቮ ዶብሮቮልስኪ በጀርመኑ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ኤኢጂ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1889 የሠራው ነው። ውስጡ የሚዞረው ብረት ከውጭ ምንም ገመድ አይገባበትም። ኩረንቱ ራሱ በውስጡ ይፈጠራል። ለዚህ ነው ወፍጮ ቤት አቧራ ውስጥ ለዓመታት የሚሠራው።
አሁን ከሦስቱ ገፊዎች አንዱ ቢቀርስ? የቀሩት ሁለቱ አንድ መስመር ላይ ወዲያና ወዲህ ይገፋሉ እንጂ አያዞሩም። ዲናሞው ይርገበገባል፣ ይጮሃል። ያንተ ምልክት ይሄ ነው። አንድ ፌዝ ጎድሎሃል።

የወፍጮው ልጅ፣ 2፡03
መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ቴስተሩ ሦስቱም ላይ በርቷል እኮ!

ዋይንደሩ፣ 2፡08
እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ዲናሞው እንደተገናኘ፣ የጎደለው ገመድ ጫፍ በጥቅልሉ ውስጥ አልፎ ከሌሎቹ ሁለት ፌዞች ቮልት ያገኛል። የብዕር ቴስተር እሱን አይቶ ይበራል። ቴስተር «እዚህ ቮልት አለ» ይልሃል እንጂ «ይህ ፌዝ ሥራ ይሸከማል» አይልህም። ዲጂታል ሚትር ፈልግ። ከኒውትራል ጋር ሳይሆን ፌዝ ከፌዝ ጋር ለካ። መጀመሪያ ወደ ሳጥኑ የሚገባውን፣ ቀጥሎ ከሳጥኑ የሚወጣውን። የሚወጣውን የምትለካው ዲናሞው እየጮኸ ስለሆነ ከሁለት ሰከንድ አትለፍ። ብሬከሩን አጥፍተህ የሚትሩን ጫፎች ቀድመህ እሰር፣ እጅህን አንሳ፣ ከዚያ አንድ ሰው ቁልፉን ይጫንልህ። ቺንጋውን (ዲናሞውን ከወፍጮው የሚያገናኘውን ቀበቶ) አውልቀው።

ሰላም ከአዳማ፣ 2፡10
ስለ ፓተንቱ ያልከው ነገር አላስቻለኝም። «ፓተንት ስላለው ችግር አይኖርበትም» የሚለው ሐሳብ ስህተት ነው። ፓተንት የጥራት ማረጋገጫ አይደለም። መርማሪው የሚያየው ሐሳቡ አዲስ መሆኑን፣ ለሙያው ሰው ግልጽ ያልሆነ እርምጃ መያዙንና በኢንዱስትሪ ሊሠራበት መቻሉን ነው። እያንዳንዱን ሳጥን ማንም ፓተንት መርማሪ ፈትቶ ብሎኑ መጥበቁን አያይም። ዕቃው ደህና መሆኑን የሚመሰክረው የደረጃ ፍተሻ ነው። ሌላ ነገር ነው።
ደግሞ ቁጥሩን አውቀዋለሁ። እውነተኛ ፓተንት ነው። ፍራንክ ኖላ የሚባል በናሳ የማርሻል ማዕከል የሚሠራ መሐንዲስ የፈጠረው ነው፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። በዚያ ጊዜ የአሜሪካ ፓተንት ዕድሜ ከወጣበት ቀን ጀምሮ 17 ዓመት ስለነበር 1994 ላይ አብቅቷል። ዛሬ ማንም ሊሠራው ይችላል፣ በደንብም በክፉም። ቁጥሩን ግንባሩ ላይ መጻፍ ሳጥኑ በትክክል መሠራቱን አይነግርህም።

መምህር ጌ፣ 2፡17
ሰላም ልክ ናት። የኖላ ሐሳብ ራሱ ቆንጆ ነው፣ ግን ለማን እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ዲናሞ ሸክም ሳይኖረው ሲዞር ከሚያስፈልገው በላይ መግነጢስ ለመፍጠር ኩረንት ይስባል። የኖላ መሣሪያ በቮልቱና በኩረንቱ መካከል ያለውን መዘግየት እያየ፣ ሸክሙ ሲቀል ወደ ዲናሞው የሚሄደውን ቮልት ይቀንሳል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን የሚዞር ዲናሞ ላይ ይጠቅማል። ወፍጮ ግን ወይ ሙሉ ይፈጫል፣ ወይ ይጠፋል። ሙሉ ሲጫን የሚቆጠብ ነገር የለም። የእናትህ ቢል ቀንሶ ነበር?

የወፍጮው ልጅ፣ 2፡40
ቢሉ አልቀነሰም። እኛ እህሉ በዝቶ ነው ብለን ነበር።
ለካሁ። ከጎረቤት ሬዲዮ ጠጋኝ ሚትር ተውሼ። ወደ ሳጥኑ የሚገባው 386፣ 384፣ 385። የሚወጣው፦ አንደኛና ሁለተኛ 383፣ ሁለተኛና ሦስተኛ 192፣ አንደኛና ሦስተኛ 191። ይሄ ምን ማለት ነው?

ዋይንደሩ፣ 2፡44
ተገኘ። 192 እና 191 የ383 ግማሽ ናቸው። ሦስተኛው ገመድ ከሳጥኑ ምንም አይመጣለትም። በጥቅልሉ በኩል የሁለቱን መካከል እያነበብክ ነው። መስመርህ ደህና ነው፣ ሳጥኑ አንድ ፌዝ በልቶብሃል። ዲናሞህ እስካሁን አልሞተ ይሆናል። ቺንጋውን አውልቀኸዋል? ኦቨርሎዱስ (ኩረንት ሲበዛ ዲናሞውን የሚያጠፋው መጠበቂያ)? አንድ ፌዝ ሲጎድል እሱ ማጥፋት ነበረበት።

የወፍጮው ልጅ፣ 2፡47
ቺንጋው ወርዷል። ኦቨርሎዱን ግን ሰውየው ሳጥኑን ሲገጥም አውጥቶታል። «ሳጥኑ ራሱ ይጠብቀዋል» አለን። ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጠነዋል።

ዋይንደሩ፣ 2፡52
ልቤን ነው የነካኸው። ኦቨርሎድ የሌለው ዲናሞ ጠባቂ የሌለው ማሳ ነው። እንዲህ አድርግ። ብሬከሩን አጥፋ፣ ቆልፈው ወይም ሰው አስቁምበት። አምስት ደቂቃ ጠብቅ፣ ሳጥኑ ውስጥ ካፓሲተር ካለ ኩረንት ይዞ ይቆያል። ሦስቱም ላይ ቮልት አለመኖሩን በሚትሩ አረጋግጥ። ሳጥኑን ፈትተህ አውጣው። ዲናሞው ጋ ገመዶቹን ካወጣህ በኋላ የሦስቱን ጥቅልል ኦም ለካ። እኩል መሆን አለባቸው። ከቀፎው ጋር ደግሞ ምንም መገናኘት የለባቸውም። አንዱ ከሌሎቹ ከራቀ አታስነሳው፣ ለጠምጣሚ ስጠው። እኩል ከሆኑ ኦቨርሎዱን ከኮንታክተሩ በታች መልሰህ ግጠም፣ 15.5 ላይ አድርገው፣ ከዚያ ገመዱን ቀጥታ ወደ ዲናሞው። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ሥራ ካልሠራህ ነገ ጠዋት ባለሙያ ጥራ። ገበያ ተመልሶ ይመጣል፣ አንተ ግን አትመለስም።

ቴዲ ብየዳ፣ 2፡55
አንድ ነገር ልጠይቅ? እኔ እህሉ ሲያልቅ ወፍጮውን ራሱ የሚያቆም ነገር ሠርቻለሁ። ድንጋዩ ከድንጋይ ጋር እንዳይፋጭ። ሦስት ወፍጮ ላይ ይሠራል። ፓተንት ይሰጠኛል? ይሄ ሁሉ ከሆነ ደግሞ ፓተንት ምን ያደርግልኛል?

ሰላም ከአዳማ፣ 3፡04
ወንድሜ፣ እንዲህ ማለቴ አይደለም! ፓተንት ሥራህን ሌላ ሰው እንዳይወስደው ይጠብቅልሃል። በምላሹ አንተ እንዴት እንደሚሠራ ሌላው ባለሙያ እንዲያነበው በግልጽ ትጽፋለህ። የኖላን ፓተንት ዛሬ ማንም በነፃ ከፍቶ የሚያነበው ለዚህ ነው። የአገራችን ሕግ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው። ፓተንት 15 ዓመት ይሰጣል፣ ፈጠራው አገር ውስጥ እየተሠራበት መሆኑን ካሳየህ 5 ዓመት ይጨመራል። እንደ አንተ ላለው ሥራ የግልጋሎት ሞዴል የሚባልም አለ። 5 ዓመት ነው፣ ለሌላ 5 ይታደሳል። የሚመለከተው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። አንድ ምክር፦ ቀድመህ አመልክት፣ ከዚያ አሳይ። ሦስት ወፍጮ ላይ ከሰቀልከው አትዘግይ። የውጭ ፓተንትም እዚህ ካልተመዘገበ እዚህ አገር መብት የለውም፣ የአንተም እንዲሁ ውጭ አገር።

ጉርሻ፣ 3፡06
ቴዲ፣ ያንን ነገር ለሚስቴ ቡና ወፍጮም ሥራልኝ፣ እህሉ ካለቀ በኋላም ታሽከረክራለች።

ማሙሽ ፓምፕ፣ 3፡09
ስለዚህ ካፓሲተሩ አይደለም?

ዋይንደሩ፣ 3፡10
አይደለም ማሙሽ፣ አይደለም።

የወፍጮው ልጅ፣ 4፡15
ሳጥኑን አውጥቼ ከፈትኩት። የሦስተኛው ፌዝ ማሰሪያ ብሎን ዙሪያ ጠቁሯል፣ ፕላስቲኩ ቀልጧል። ብሎኑ በጣት ይፈታል። ገመዱ ጫፍ ላይ መጨበጫ አልተደረገለትም፣ ክሩ እንዲሁ ተበታትኖ ነው የገባው። ጥቅልሉ 1.6፣ 1.6፣ 1.6 ኦም። ከቀፎው ጋር ምንም የለም። እናቴ መብራት ይዛልኝ አብራኝ ቆማለች።

ዋይንደሩ፣ 4፡19
እልል በል! ጥቅልሉ እኩል ነው፣ ዲናሞህ ተርፏል። አሁን ቺንጋው ሳይገባ አስነሳው። የሚዞርበትን አቅጣጫ ተመልከት። ገመድ ስትመልስ ሁለቱን አቀያይረህ ከሆነ ወደ ኋላ ይዞራል። ወደ ኋላ ከዞረ አጥፍተህ ማናቸውንም ሁለት ገመድ አቀያይር። ቺንጋውን የምታስገባው ከዚያ በኋላ ነው።

መምህር ጌ፣ 4፡22
ኩሽኔታውንም በእጅ አዙረህ ስማው። ብዙ ሲንቀጠቀጥ ነው የዋለው።

የወፍጮው ልጅ፣ ቅዳሜ ጠዋት 12፡35
ሰው ከአሁኑ ተሰልፏል። በኋላ እጽፍላችኋለሁ።

ዋይንደሩ፣ ቅዳሜ ማታ 2፡00
ምን ሆነ? ተነሳ?

ሰላም ከአዳማ፣ እሑድ ረፋድ
የወፍጮው ልጅ፣ አሳሰብከን። አንድ መስመር ጻፍልን።

አዲስ አባል፣ ከአራት ሳምንት በኋላ
ሰላም ለዚህ ቤት። እኛ ጋም እንዲህ ያለ ሳጥን እየዞሩ ይሸጣሉ፣ ያንኑ ቁጥር ጽፈውበታል። አባቴ ትናንት ለእንጨት መሰንጠቂያው ገዛ፣ ነገ ሊገጥሙለት ይመጣሉ። ኦቨርሎዱን እናወጣዋለን ብለውታል። ምን ልበለው?

ዋይንደሩ
ኦቨርሎዱ እንዳይወጣ። ሳጥኑ ከመገጠሙ በፊት የዲናሞውን ታርጋ አንብብልን፣ በቀን ስንት ሰዓት ባዶውን እንደሚዞርም ጻፍልን።