የሴፕቴምበሩ የአይሁድ ባህል ቀናት፦ የትኛው ምኩራብ በየትኛው ቀን?

ጠያቂ፦
ለሴፕቴምበር 2026 (እ.ኤ.አ.) የሁለት ሳምንት የአውሮፓ ጉዞ እያወጣሁ ነው። ዓላማው በአይሁድ ባህል ቀናት ላይ መገኘትና ታሪካዊ ምኩራቦችን ከውስጥ ማየት ነው። ያሰብኩት የፈረንሳዩን አልዛስ ክልል፣ ቬኒስንና አምስተርዳምን ነው። በፖላንዷ ክራኮቭም በዚያው ሰሞን ፌስቲቫል አለ ተብያለሁ። ከየቱ ልጀምር? በር ላይ የሚያስመልስ ነገርስ አለ?

ዘመን ቆጣሪ፦
ክራኮቭን ከዝርዝርዎ ያውጡት። በካዚሚዬሽ ሰፈር ከ1988 ጀምሮ የሚካሄደው ፌስቲቫል በጁን መጨረሻና በጁላይ መጀመሪያ ነው የሚውለው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው።

የሴፕቴምበሩ መነሻው አልዛስ ነው። በ1996 እዚያ ያሉ የአይሁድ ቅርሶች ለሕዝብ ክፍት ሲደረጉ ተጀምሮ ኋላ ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፋ። ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው በወሩ የመጀመሪያ እሁድ ነው፤ በ2026 ያ እሁድ ሴፕቴምበር 6 ላይ ይውላል። ቅዳሜ የማይሆነው ሰንበት ስለሆነ ነው። ግን የየከተማው አዘጋጅ ቀኑን ሊያዛውረው ስለሚችል የአንዱን ከተማ ፕሮግራም አይቶ ለሌላው ትኬት መቁረጥ አያዋጣም።

ጉዞ የሚያበላሸው የበዓላቱ አቆጣጠር ነው። የአይሁድ በዓል የሚገባው በዋዜማው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ካላንደር ላይ «ሮሽ ሃሻና (የአይሁድ አዲስ ዓመት) ሴፕቴምበር 12» የሚል ያነበበ ሰው አርብ 11 ከሰዓት በኋላ ሄዶ የተዘጋ በር ይጠብቀዋል። ስለዚህ የ11ን ከሰዓት በኋላ፣ 12ና 13ን፣ ለዮም ኪፑር (የስርየት ቀን) የ20ን ከሰዓት በኋላና 21ን ሙሉ፣ ለዳስ በዓል ደግሞ የ25ን ከሰዓት በኋላ፣ 26ና 27ን ይሰርዙ። ቅዳሜዎቹን ሁሉ ጨምረው። የተመቹት ቀናት ከ6 እስከ 10 ያሉት ናቸው፤ ቀጥሎ ከ14 እስከ 17።

ድንጋይና እንጨት፦
እንግዲያው በአልዛስ ይጀምሩ። አምስተርዳምና ቬኒስ በሌላም ቀን ይታያሉ፤ የአልዛስ ትንንሽ ምኩራቦች ግን እንዲህ ያለ ቀን ካልተገኘ በራቸው እምብዛም አይከፈትም። በአልዛስ ዋና ከተማ ስትራስቡርግ ላይ ብቻ ከቀሩ ዋናው ነገር አመለጠዎት። ፋፈንሆፈን ያለውን ይዩ። በ1791 የተሠራ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት የሰው መኖሪያ ቤት ነው የሚመስለው። ውስጡ ግን ያልቦካውን የፋሲካ ቂጣ የሚጋግሩበት ምድጃ፣ የመንጻት መታጠቢያና ለድሃ መንገደኛ ማደሪያ የሚሆን ክፍል አለው። የአንድ ገጠር ማኅበር ሙሉ ሕይወት በአንድ ጣሪያ ሥር ማለት ነው፤ ለእኔ ከትልልቆቹ ይበልጣል። ቡክስቪለር ላይ ደግሞ የቀድሞው ምኩራብ የአልዛስ አይሁድ ሙዚየም ሆኗል። እሁድ የገጠር አውቶብስ ስለሚሳሳ መኪና መከራየት ወይም ከአስጎብኚ ቡድን ጋር መሄድ ይሻላል።

ቬኒስ። ጌቶው፣ ማለትም አይሁዶች እንዲኖሩበት የተወሰነው ሰፈር፣ የተከለለው በ1516 ነው፤ ምኩራቦቹም ከመኖሪያ ቤቶች በላይ፣ ላይኛው ፎቅ ላይ ናቸው። አደባባዩ ላይ ቆመው ቀና ሲሉ በአንድ ረድፍ 5 ረጃጅም መስኮቶች ካዩ ምኩራብ አገኙ ማለት ነው፤ አምስቱ በአምስቱ የኦሪት መጻሕፍት ቁጥር ነው። ውስጥ የሚገባው በሙዚየሙ አስጎብኚ ብቻ ሲሆን ደረጃው ጠባብ ነው፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰው አስቀድሞ ቢጠይቅ ጥሩ ነው። በ1528 በተሠራው የጀርመኖቹ ምኩራብ እብነ በረድ የሚመስለው ግድግዳ ልስን ነው። ጠጋ ብለው ይዩት፣ መንካት ግን የለም።

በረኛ፦
ስለ በሩ የተጠየቀው ተዘሎ ስላለፈ። አገልግሎት የሚሰጥ ምኩራብ ላይ ፍተሻ አለ፤ ፓስፖርቱን ራሱን ይያዙ፣ ስልክ ላይ ያለ ፎቶ የማይቀበሉ አሉ። የጉዞ ሻንጣ ይዞ መምጣት ዋናው የመመለሻ ምክንያት ነው፤ ብዙ ቦታ ማስቀመጫ የላቸውም። ከተያዘልዎት ሰዓት 30 ደቂቃ ቀድመው ይድረሱ፤ ቡድኑ አንዴ ከገባ በሩ ይዘጋል። ወንድ ራሱን ይሸፍናል፣ ኮፍያም ይበቃል። ትከሻና ጉልበት ለሁሉም የተሸፈነ ይሁን። መግቢያው ነጻ ነው ማለት ምዝገባ የለውም ማለት አይደለም፤ ትንንሾቹ ምኩራቦች ላይ ቦታው ቶሎ ነው የሚያልቀው።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። በአምስተርዳም በሻማ ብርሃን ኮንሰርት አለ የሚባለውስ? ቅዳሜ ማታ ይሆናል?

ድንጋይና እንጨት፦
በፖርቱጋሎቹ ምኩራብ ነው፤ ሕንፃው በ1675 የተጠናቀቀ ነው። አዳራሹ ዛሬም ኤሌክትሪክ መብራትም ማሞቂያም የለውም፤ ሲበራ ወደ 1,000 ሻማ ነው። ወለሉ ላይ የተነሰነሰው ደቃቅ አሸዋ ቆሻሻ አይደለም፤ አቧራና እርጥበት ይይዛል፣ የጫማ ድምፅም ያፍናል። ቀጭን ተረከዝ ያለው ጫማ እዚያ አይመችም። በሴፕቴምበር ብርዱ ይቻላል፤ በክረምት ግን ካፖርትዎን ሳያወልቁ ነው የሚያዳምጡት።

ቅዳሜን በተመለከተ፣ ሰንበት የሚወጣው ፀሐይ ከጠለቀች ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የሚጀምር ዝግጅት ምኩራብ ውስጥ ካዩ፣ ቦታው አሁን ሙዚየም ወይም አዳራሽ ብቻ መሆኑን ይጠርጥሩ። ክራኮቭን ለሌላ ዓመት ካሰቡት ደግሞ እዚያ በጁን መጨረሻ ሰንበት የሚወጣው በአውሮፓ ሰዓት ወደ 22:00 ስለሆነ፣ ለቅዳሜ ማታ የመመለሻ ባቡር አይቁረጡ።