ሐይቁ ፊት ስቀመጥ ግጥሙ ይጠፋብኛል፤ እናንተስ?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ግጥም መጻፍ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ሳምንት ሆን ብዬ ደብተር ይዤ ሐይቅ ዳር ሄድኩና ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀመጥኩ። ውሃው ያምራል፣ ሰማዩ ያምራል፣ ነፋሱ ደስ ይላል፤ ወረቀቱ ላይ የወረደው ግን "ውብ"፣ "ድንቅ"፣ "ግርማ" ብቻ። ቤት መትቷል፣ ነፍስ የለውም። በጣም ነው ያዘንኩት። እናንተ እዚያው ቁጭ ብላችሁ ነው የምትጽፉት ወይስ ቆይታችሁ?

ስንኝ ለቃሚ፦
እህቴ፣ እዚያው ካልጻፍኩ ብለሽ ራስሽን አታስጨንቂ። እንግሊዛዊው ዎርድስወርዝ ሐይቅ ዳር ስላያቸው ቢጫ አበቦች የጻፈውን ግጥም ታውቂው ይሆናል። አበቦቹን ያየው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1802 ነው፤ ግጥሙ የታተመው ደግሞ በ1807። ግጥሙ ላይ ብቻውን ሲንከራተት ነው የምናየው፣ በእውነቱ ግን እህቱ ዶሮቲ አብራው ነበረች። እኔን የሚገርመኝ የእሷ ማስታወሻ ነው። አንዳንዶቹ አበቦች የደከማቸው ይመስል ራሳቸውን ድንጋይ ላይ እንደ ትራስ አስደግፈው ነበር ትላለች፣ ሌሎቹ ደግሞ ከነፋሱ ጋር ሲጨፍሩ። "ውብ ነው" ብላ አላለፈችውም፣ አንገታቸውን አየች። ስለዚህ እዚያ ስትሆኚ ግጥም አትጻፊ። ያየሽውን ብቻ በተራ ቋንቋ መዝግቢ፣ ግጥሙ ሲበስል ይመጣል።

መንገደኛው፦
እኔ ትንሽ ለየት ያለ ሐሳብ አለኝ። መልክዓ ምድር ሲባል ሁላችንም ውበት ብቻ እንፈልጋለን፣ ቦታ ግን ትዝታም አለው። ጃፓናዊው ገጣሚ ባሾ እ.ኤ.አ. በ1689 አምስት ወር ያህል የፈጀ ጉዞ አድርጓል፣ አብዛኛውን በእግሩ። ሂራይዙሚ የሚባል የድሮ የጦር ሜዳ ሲደርስ ያገኘው ሣር ብቻ ነው። በእነሱ በጋ፣ በሙቀቱ ወራት የለመለመ ሣር። እዚያ የወደቁትን ጦረኞች እያሰበ አለቀሰ፣ ስለዚያ ሣር የጻፋት ሦስት ስንኝ እስከዛሬ ትነበባለች። ሣሩ የትም ያለ ሣር ነው እኮ! እና እዚህ ቦታ ማን አለፈ፣ ምን ቀረ ብለሽ ብትጠይቂስ? ደግሞ ዓይንሽን ጨፍነሽ ስሚ፣ አሽትቺ። ሐይቅ በጨለማም ሐይቅ ነው።

ስንኝ ለቃሚ፦
@መንገደኛው ይሄን ወድጄዋለሁ። ጀማሪዋ፣ እስቲ ከዚያ ቀን አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ንገሪን። ሐይቁን ተዪው።

ጀማሪዋ፦
እውነት ለመናገር ከሁሉ በላይ ያየሁት አንድ ነጭ ላባ ነው። ዳር ላይ፣ አረፋው መሃል። ነፋሱ ወደ መሬት ይገፋዋል፣ ልክ አሸዋው ጋ ሊደርስ ሲል ውሃው ይስበዋል። ግማሽ ሰዓት ያህል ዓይኔን ከእሱ መንቀል አቅቶኝ ነበር፣ ደብተሬ ላይ ግን አንድም ቃል አልጻፍኩለትም፤ ስለ ሐይቁ ነበር መጻፍ የነበረብኝ ብዬ ነዋ። አሁን እናንተን እያነበብኩ ይሄ መጣልኝ፦

ነፋስ ሲገፋፋው፥ ውሃው ሲመልሰው፣
ወፏ ሩቅ በርራለች፥ ላባን ማን ያድርሰው?

ቀጣዩ ስንኝ ገና አልታየኝም። ነገ ጠዋት ተመልሼ እሄዳለሁ።