የክራፍ ሚስት አንኮበር ነው የሞተችው? የምታውቁ ንገሩኝ

የጠራዋ፦
ሰላም እንደምን አላችሁ የአገሬ ልጆች። ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት። በቤተ ክርስቲያናችን የእናቶች ኅብረት አለን፣ ወንጌላውያን ነን። በየወሩ አንዳችን ስለ አንዲት የጥንት ክርስቲያን እናት እናቀርባለን፤ አሁን ተራው የኔ ነው። እስካሁን የቀረቡት ሁሉ የሩቅ አገር ሴቶች ናቸው። እኔ ደግሞ ከዚሁ ከኛው ሰሜን ሸዋ ጋር የሚገናኝ ታሪክ ብናገር ደስ ይለኛል። ክራፍ የሚባለው ጀርመናዊ ሚስዮናዊ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር መኖሩን ሁላችንም ሰምተናል። አንድ አባት "ሚስቱም እዚያው ሞታ እዚያው ነው የተቀበረች" አሉኝ። ሌላ ሰው ደግሞ ኬንያ ነው አለኝ። የቱ ነው ትክክሉ? ልጆችስ ነበሯት? ስሟን እንኳ በቅጡ የሚነግረኝ አጣሁ። በእናቶች ፊት ቆሜ ያልሆነ ነገር ማውራት አልፈልግም፣ እባካችሁ።

አንኮበሬው፦
እህቴ እንኳን ጠየቅሽ። ስሟ ሮዚን ዲትሪሽ ነው። አንኮበርን በዓይኗ አላየችውም። የተቀበረችው ሞምባሳ ነው። ግን ታሪኳን ከሸዋ ነጥለሽ ልትነግሪው አትችይም፣ ምክንያቱም ልትኖርበት ተነሥታ የነበረው አገር ይሄው የኛው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክራፍ ሸዋ የገባው እ.ኤ.አ. በ1839 ከባልደረባው ከኢዘንበርግ ጋር ነው። ኢዘንበርግ በዚያው ዓመት ተመለሰ፤ ክራፍ ግን ብቻውን እስከ 1842 ቆየ። ንጉሡ ወደውት ነበር፣ ዘመቻ ሲወጡ ሳይቀር አብሯቸው ሄዷል። በመጋቢት 1842 ከአንኮበር ሲወጣ ሐሳቡ እጮኛውን አግብቶ፣ ይዟት ሊመለስ ነበር። በሰላ ድንጋይ አልፎ፣ የንጉሡን እናት ዘነበ ወርቅን አግኝቶ ወደ ሰሜን አቀና። ወሎ ላይ አዳራ ቢሌ የሚባለው ባላባት ያለውን ሁሉ ዘረፈው። ባዶ እጁን ምፅዋ ደረሰና ወደ ግብፅ ተሻገረ፣ ከሮዚን ጋር የተጋቡትም እዚያው ግብፅ ነው።

ከዚያ በታጁራ ወደብ በኩል ወደ ሸዋ ለመግባት ሞከሩ። አልተፈቀደም። በሚቀጥለው ዓመት በ1843 "እንግዲያው በትግራይ በኩል" ብለው ከምፅዋ ተነሡ። ያኔ ሮዚን ነፍሰ ጡር ናት። ሾሆ (ሳሆ) የሚባሉት ሕዝብ በሚኖሩበት በረሃ መሐል ሳሉ ያለ ጊዜዋ ምጥ ያዛት። ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ አንዲት ሰዓት ያህል ነው የቆየችው። አባቷ አጠመቃትና ስሟን በአማርኛ "እንባ" አላት። ከመንገዱ ዳር ዛፍ ሥር ቀበሯት። መንገድ የሚመሯቸው ሾሆዎች ከዚያ በላይ አንጠብቅም ስላሉ፣ አጠገቡም ማረፊያ የሚሆን መንደር ስላልነበረ፣ እናቲቱ በወለደች በሦስተኛው ቀን ተነሥታ ጉዞዋን ቀጠለች።

ትግራይም አላስቀመጧቸውም። ተመልሰው በኤደን በኩል ወደ ዛንዚባር ሄዱ፣ ከዚያ በ1844 ሞምባሳ ገቡ። የዛንዚባሩ ገዥ ሰይድ ሰዒድ የእስላም ገዥ ሆነው ሳለ ለክራፍ መልካም የአደራ ደብዳቤ ጻፉለት። በሐምሌ መጀመሪያ ግን ሁለቱም በወባ ወደቁ። ሮዚን ሐምሌ 6 ሁለተኛ ሴት ልጅ ወለደች፣ ሐምሌ 13 አረፈች። ሕፃኗም እናቷን ተከተለቻት። (ቀኖቹ በፈረንጅ ነው።) ክራፍ ራሱ አጠገቧ ታሞ ተኝቶ ስለነበር፣ መሞቷን ለማረጋገጥ እንኳ ከተኛበት የተነሣው በስንት መከራ ነው።

ሲስተር ዘመሐል ሜዳ፦
የጠራዋ እህቴ፣ እኔ ሚድዋይፍ ነኝ፤ ይህን ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። "በሦስተኛው ቀን" የሚለውን በአንድ አረፍተ ነገር እንዳታልፊው። እናቶች ፊት ስለሆነ የምትናገሪው፣ ወዲያው ይገባቸዋል። ጡት የሚያጋተው እኮ በዚያው በሁለተኛ በሦስተኛ ቀን ግድም ነው። ልጅ ኖረ አልኖረ ወተቱ ይመጣል። ደሙ ገና አልቆመም፣ ማሕፀን ገና ወደ ቦታው አልተመለሰም፣ እሷ በበረሃ ሐሩር መንገድ ላይ ናት፣ የምታጠባው ሕፃን ደግሞ ከኋላዋ ዛፍ ሥር ቀርቷል። እኛ አገር አራስ ከደጅ ወጥታ ነፋስ እንዳይመታት ስንት እንጠነቀቃለን። ገንፎ የሚያገነፋላት፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" የሚላት ጎረቤት አለ። ለሮዚን ይህን የሚላት አንዲት ሴት በዚያ በረሃ ስለመኖሯ እጠራጠራለሁ።

የሞምባሳውን ደግሞ ሙያዬ ስለሆነ ልናገር። ወባ ነፍሰ ጡርን ከሌላው ሰው ይበልጥ ይጎዳል። ተሐዋሲው እንግዴ ልጁ ላይ ስለሚከማች ለሕፃኑ የሚደርሰው ምግብና አየር ይቀንሳል። ልጁ ያለ ጊዜው ሊወለድ ወይም ክብደቱ አንሶ ሊወለድ ይችላል፣ እናቲቱ ደሟ ያልቃል። ያውም ሮዚን ከአውሮፓ የመጣች ናት፤ ሰውነቷ ወባ አያውቅም። ደጋ ያደገ የኛ ሰው ቀወት ወይም ኤፍራታ ቆላ ሲወርድ ቶሎ የሚታመመውም ለዚሁ ነው። በዚያ ጊዜ ደግሞ ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗን ማንም አያውቅም ነበር፤ የተረጋገጠው በ1897 ነው። አጎበር የለ፣ ምርመራ የለ። ዛሬ ቢሆን ሁለቱም በሕይወት የመትረፍ ዕድላቸው ትልቅ ነበር። አንቺ ስለ እምነቷ ስትናገሪ በዚያው አፍሽ በጉባኤው ያሉትን ነፍሰ ጡሮች ቆላ ከወረዱ አጎበር እንዳይለዩ፣ ትኩሳት ከተሰማቸው ዛሬ ነገ ሳይሉ ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ ንገሪልኝ።

የቡልጋው፦
እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ልጨምር ብዬ ነው። ታሪኳ ያሳዝናል፣ ነፍስ ይማር። አደራ የምልሽ ግን "ሸዋ በሯን ዘግታ ገደለቻት" በሚል መንገድ እንዳትነግሪው። አንኮበሬው "አልተፈቀደም" ብሎ ነው ያለፈው፣ ምክንያት ግን ነበረው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ክራፍን ሦስት ዓመት ሙሉ ተቀብለው አኑረውታል። በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ አንኮበር መጣና ከንጉሡ ጋር ውል ተፈራረመ። በዚህ ጉዳይ የክራፍ እጅ ነበረበት። እንግዲህ የወንጌል ሰው ከመንግሥት ጉዳይ ጋር ሲቀላቀል ቤተ መንግሥቱም ቤተ ክህነቱም መጠራጠሩ አይቀርም። ካህናቱ ደግሞ በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ በካቶሊኮች ምክንያት የፈሰሰውን ደም አልረሱም። ሃይማኖታቸውን ነው የጠበቁት፣ እኔ በዚህ አልወቅሳቸውም። ሮዚንን ግን ማንም አላወቃትም። እሷ በውሉም በክርክሩም ውስጥ የለችበትም፣ ዋጋውን ግን የከፈለችው እሷ ናት። ለኔ ታሪኩ የሚከብደኝ እዚህ ላይ ነው።

አንድ ሌላ ነገር። ያረፈችበት ቀን ወደኛ አቆጣጠር ሲመለስ ሐምሌ 7 ቀን 1836 ዓ.ም. ነው የሚመጣው። የሥላሴ ዓመታዊ በዓል ነው። አንኮበር ላይ በዚያች ቀን ቅዳሴ እየተቀደሰ እሷ ሞምባሳ ላይ እያረፈች ነበር ማለት ነው። እናንተ የበዓሉን ቀን እንደኛ ባታከብሩትም ሥላሴን ሁላችንም እናምናለንና ብትጠቅሺው ጥሩ ይመስለኛል።

የጠራዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ሲስተር፣ ያልሽውን ስለ አጎበሩም እናገራለሁ፣ ቃል ነው። የቡልጋው ወንድሜ፣ ምክርህን ተቀብያለሁ፤ ማንንም ለመክሰስ አይደለም የምቆመው፣ ደግሞም የሐምሌ ሥላሴ መሆኑን ሳነብ ውስጤ ነው የተነካው። ግን አንድ ነገር ቀረኝ። እስካሁን ያየነው የደረሰባትን ነው። እሷ ራሷ ምን አለች? ስትሞት የተናገረችው ነገር አለ? መቃብሯስ ይታወቃል?

አንኮበሬው፦
አለ። ክራፍ ጽፎታል። በመጨረሻ ቀኖቿ ለዘመዶቿ፣ ለሚስዮኑ፣ ለምሥራቅ አፍሪካ ሕዝብ፣ ለሰይድ ሰዒድም ጭምር ጸልያለች። መቃብሯንም ራሷ ነው የመረጠችው። ሞምባሳ ደሴት መሆኗን ታውቂያለሽ። እሷ ደሴቲቱ ላይ ሳይሆን ማዶ፣ በዋናው ምድር፣ ዋኒካዎች (ዛሬ ሚጂኬንዳ የሚባሉት ናቸው) በሚያልፉበት መንገድ አጠገብ ቅበሩኝ አለች። አላፊ አግዳሚው መቃብሯን ሲያይ የክርስቶስ አገልጋዮች ለምን ወደ አገሩ እንደመጡ እንዲያስብ ነው። እንዳለችውም አደረጉላት። ቦታው ዛሬ ንያሊ የሚባለው ነው፣ የክራፍ መታሰቢያ ሐውልትም እዚያው ቆሟል።

ክራፍ ከቀበራት በኋላ ወደ ለንደን ለላከው ማኅበር ጻፈ። በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ የሚስዮኑ አባል የሆነች የአንዲት ሰው መቃብር እንዳለ ለወዳጆቻችሁ ንገሩ፣ ቤተ ክርስቲያን የምታሸንፈው በአባሎቿ መቃብር ላይ እየተራመደች ነውና የምትጠሩበት ሰዓት ቀርቧል የሚል ነው መልእክቱ። አገሩንም አልለቀቀም። በ1846 ሬብማን የሚባል ሌላ ሚስዮናዊ ተጨመረለትና ከሞምባሳ ቅርብ ራባይ በሚባል ቦታ ላይ የሚስዮን ጣቢያ አቆሙ። በኬንያ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ነው፣ ከራባይ በፊት ግን የሮዚን መቃብር አለ።

እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን ከመቃብሩ ምርጫ ነበር የምጀምረው። እዚያ ላይ የምታወራው እሷ ናት። ሌላው ቦታ ሁሉ ባሏ ነው የሚተርክላት። ለአባትየውም አንኮበር አለመቀበሯን በእርጋታ አስረጃቸው፣ ክራፍ ራሱ አንኮበር ስለኖረ ታሪኩ ተደባልቆባቸው ይሆናል።

ሲስተር ዘመሐል ሜዳ፦
የጠራዋ፣ ቀኑ ሲቆረጥ እዚሁ ጻፊልን። ቅዳሜ ከሆነና ተረኛ ካልሆንኩ እኔም መጥቼ እሰማለሁ። ስለ ወባው የሚጠይቁ እናቶች ካሉም እመልስላቸዋለሁ።